ስልኩን ዝቅ አድርጉት

የሳይታችን ሰዎች፣ ዛሬ ወሬዬ ከእናንተ ጋር ነው። ያንን ቪዲዮ አይቼዋለሁ። ብዙዎቻችሁ እኮ ናችሁ ከሚስቅ ኢሞጂ ጋር የላካችሁልኝ።

ላላየው ልንገረው። ቦታው እዚሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። መሽቷል፤ መብራት ጠፍቷል። ሰባዎቹን ያገባደዱ አንዲት እናት ነጠላ ተከናንበው፣ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ በር ጋር ይታገላሉ። ቁልፉ አልገባ ብሏቸዋል። የእሳቸው ቤት የሚቀጥለው ብሎክ ላይ ነው። ብሎኩ አንድ ዓይነት፣ ደረጃው አንድ ዓይነት፣ የብረት በሩ አንድ ዓይነት። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር በጨለማ አይታይም። (እኔም መብራት ሲጠፋ ደረጃ እየቆጠርኩ ነው የምገባው፤ እስካሁን ጃጀህ ያለኝ የለም።)

አንድ ጎረምሳ በሩን ከፈተ። «ማዘር፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ቤቴ ነው! አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

ከላይኛው ፎቅ አንዱ «ሌባ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ባክህ ጃጅታ ነው» አለ። ሦስተኛው ስልኩን አወጣና መብራቱን ፊታቸው ላይ ደቀነ። ከዚያ ጥያቄና መልስ ተጀመረ። «ስምሽ ማነው? ልጆችሽ ስንት ናቸው? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እሳቸው ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው «ዛሬማ ገብርኤል ነው» አሉ። ደረጃው በሳቅ ተናጋ።

ልጆች፣ ቀኑ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ልክ ነበሩ። ያላወቃችሁት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «እባካችሁ አራት ኪሎ አድርሱኝ» ብለው ለመኑ። ያኔማ የባሰ ተሳቀ። ቪዲዮው ላይ ሲያልፉ የሚታዩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንዷ ጀሪካን ይዛ ታልፋለች። የልጆች እናት ናት፣ አውቃታለሁ። አልቆመችም። ይቅር ልላት ሞክሬ አቃተኝ።

እኚህ እናት አራት ኪሎ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። እዚያ ግቢው የጋራ ነበር። ወጥ ካረረባቸው ጎረቤት ያሸት ነበር። ቡና ላይ ከቀሩ «ምነው እትዬ፣ ዛሬ ደህና አይደሉም?» የሚል ነበር። ለኪዳን በጨለማ ወጥተው መንገድ ስተው አያውቁም ነበር። እዚህ ሊፍት የለም። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ሳምንቱን ሙሉ አይወርዱም። ግፊታቸውን የሚለካላቸው የለም። ቢዘነጉም የሚያስተውል የለም፤ በሩ ዝግ ነው።

የመርሳት በሽታ ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሐኪም ይንገረን። ነገሩ ግን የዕድሜ ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱ ቢስተካከሉ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሰው ተነጥሎ መኖር፣ ድብርት፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮና የዓይን መድከም አሉበት። ሳይታችንን ዞሮ ያየ ሰው የጻፈው ይመስላል። እንግሊዝና አሜሪካ የተሠሩ ጥናቶችም በተጎሳቆለ ሰፈር የሚኖሩ አዛውንቶች፣ ገቢያቸውና ትምህርታቸው ከሌላው እኩል ሆኖ እንኳ፣ የማስታወስና የማሰብ አቅማቸው ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ያሳያሉ። ሰፈሩ ራሱ ሰው ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው።

እና መንግሥትን እንውቀስ? እንውቀስ እንጂ። የመንገድ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቅርብ ጤና ጣቢያ መጠየቅ መብታችን ነው። ስልኩን ያወጣው ግን መንግሥት አይደለም። የሳቅነውም፣ ያጋራነውም፣ ጀሪካን ይዘን ያለፍነውም እኛ ነን።

ቪዲዮውን አጥፉት። የላካችሁላቸውም እንዲያጠፉት ንገሯቸው። ቡና ስታፈሉ ላይ ፎቅ ያሉትን አዛውንቶች ጥሩ፤ መውረድ ካቃታቸው ሲኒውን ይዛችሁ ውጡ። የየብሎኩን መግቢያ ደግሞ በተለያየ ቀለም እንቀባው፤ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ያገኘነውን። ቤቱ ጠፍቶት ለሚቆም ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ለመጪው የእድር ስብሰባ አጀንዳ አስይዣለሁ። ሰው እንደማይሞላ አውቃለሁ፤ ስለ ውሃ ሲጠራ እንኳ የጋራ መሰብሰቢያችን ኮሚናሉ ባዶ ነበር። ጥበቃው ግን «ለቀለሙ እኔም አዋጣለሁ» ብሎኛል። እስካሁን ሁለት ነን።