ቲክቶክ ሳይፈጠር ኮምቦልቻ ላይ እሽቅድምድም ነበረ

ሰሞኑን ስለ መንገድ ደኅንነት በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ወጣቶች የሞተርና የመኪና እሽቅድምድም የተናገሩትን ሰምቼ ዝም ብሎ ማለፍ አቃተኝ። ኃላፊው እንዳሉት እሽቅድምድም በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ትናንት የገባ፣ ከእኛ ባህል ጋር የማይገናኝ መጤ ልማድ ነው፤ ስለዚህም ሲሽቀዳደም የተያዘ ወጣት ሞተሩ እንዲወረስ፣ ከኮምቦልቻ መውጫ ያለው ቀጥ ያለ አስፋልትም በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሞላ ታስቧል። ወጣቶቹን የጠሯቸውም «ሥራ ፈቶች» ብለው ነው። አዳራሹ አጨበጨበ መባሉ ደግሞ ከንግግሩም በላይ አሳዘነኝ፤ ካጨበጨቡት መካከል ያን መንገድ በወጣትነታቸው አሳምረው የሚያውቁት ጥቂት አይደሉምና።

«ትናንት የገባ» የሚለው ሐሰት መሆኑን ኮምቦልቻ ያደገና ዕድሜው ከአርባ ያለፈ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ኮምቦልቻን ያቀናት መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አስፋልትና በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚገናኙት እዚህ ነው፤ የከተማዋ ሕፃን ፊያት ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ሳያየው በድምፁ ብቻ ይለየው የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፣ የወደብ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ቀን ከሌት የከባድ መኪና ሰልፍ ያልተለየው መንገድ እሑድ ጠዋት ጭር ማለት ጀመረ፤ ሞተር በመስማት ያደገው ወጣትም ያን ጭርታ ተጠቀመበት። ቲክቶክ ለዓለም ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ የእኛ እሑዶች ከእሱ በአሥራ ምናምን ዓመት ይቀድማሉ። ፈረስ ሲጋልብና ጉግስ ሲጫወት የኖረን ሕዝብ መቀዳደምን ከስልክ ተማረ ብሎ መናገር የገዛ አገርን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ቦታው ኮምቦልቻ የሆነውም ያለ ነገር አልነበረም። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተወሸቀች ከተማ ናት፤ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ የትም ቢኬድ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ አራት መቶ ሜትር ለጥ ያለ አስፋልት ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የደሴ ልጆች የሐረጎንና የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ አልፈው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድተው፣ ወደ ቦርከና ሜዳ ይወርዱ ነበር። ውድድሩ አንድ ለአንድ ነበር፤ ሁለት መኪና ወይም ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ቆመው ይነሳሉ፣ ርቀቱ በመብራት ምሰሶ ይቆጠራል፣ መሐል የቆመው ሰው ወደ ላይ የያዘውን ነጠላ ሲያወርድ ፍሪሲዮን ይለቀቃል። በሁለቱም ጫፍ መንገድ ጠባቂ ይቆማል፤ ከሩቅ መኪና ከታየ ወይም ከብት የሚነዳ ገበሬ ብቅ ካለ ሁሉም ነገር ይቆማል። የጠጣ መሪ አይጨብጥም፣ ሰው የጫነ አይሮጥም፣ የተሸነፈ ቁርስ ይጋብዛል። ይህን ደንብ ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ ሆኖም የጣሰው ሰው በሚቀጥለው እሑድ ቢመጣ የሚሽቀዳደመው አያገኝም ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን «ሥራ ፈቶች» የሚለው ቃል ነው። እነዚያ ወጣቶች ሥራ ሲሠሩ ነው ያደጉት፤ ሥራውንም የተማሩት እዚያው አስፋልት ዳር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ለደሴ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚያደባልቀው ክፍል) ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር (ቤንዚኑን በልክ የሚያሳልፍ ትንሽ ብረት) ይፈልጋል፤ ያው መኪና ኮምቦልቻ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይደናቀፋል፣ ሞተሩም ይግላል። የደሴ ቮልሶች በመጀመሪያዎቹ እሑዶች ይሸነፉ የነበረው በዚህ ነበር፤ ሾፌሮቹ ግን ጎማው ተንሸራተተ፣ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ እያሉ ይከራከሩ ነበር። አንድ ጠዋት ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ የጋራዥ ረዳት ከተሸነፈ ቮልስ ላይ ትኩሱን ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) በጨርቅ ይዞ ፈታና ጫፉን ወደ ፀሐይ አዙሮ አሳየን። ካንዴላ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፣ ከነጣ ደግሞ አንሷል ማለት ነው፤ የዚያ ቮልስ ካንዴላ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር። ልጁ ከኪሱ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ጂግለር አውጥቶ ለወጠለት፣ የፑንቲናውንም (ለካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጠውን ክፍል) ክፍተት በቀጭን የብረት መለኪያ ለክቶ 0.4 ሚሊ ሜትር ላይ አሠረው፤ ያው ሾፌር በያው መኪና በሚቀጥለው ዙር ቀደመ።

ዙሪያውን የቆምነው ሁሉ ስለ አየር ውፍረትና ስለ ነዳጅ ድብልቅ ያን ጠዋት የተረዳነውን ያህል በየትኛውም ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አልተረዳንም። ከዚያ በኋላ የደሴ ልጆች ሁለት ዓይነት ጂግለር ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ የእኛዎቹ ደግሞ ቴስታታ (የሞተር ክዳን) አውርደው መሞረድ፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከወረቀት ቆርጠው መግጠም፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በትነው መመለስ ተማሩ፤ ምክንያቱም እሑድ መሸነፍ የማይፈልግ ሰው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሞተር ሥር ተኝቶ መዋል ነበረበት። ዛሬ በኮምቦልቻና በደሴ ጋራዥ ከከፈቱት መካከል ብዙዎቹ የዚያ አስፋልት ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የአውቶቡሱን ፍሬን የሚያስተካክሉት፣ የአምቡላንሱን ሞተር የሚያስነሱት እነሱ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት ከተማ ሞተር የሚወድ ወጣቷን ሥራ ፈት ብላ ስትሰድብ፣ ለፋብሪካዎቿ ባለሙያ ከወዴት ልታመጣ ነው?

«ልጆቹ እየሞቱ ነው» የሚለውን አልክድም፤ ፒያሳ መሐል በሕዝብ ግፊያ ውስጥ የፊት ጎማ አንስቶ የሚነዳን ሕግ ይቅጣው፣ በዚህ አልከራከርም። ጉብታው ግን ሞቱን አያስቀረውም፣ ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ። ቀጥ ያለው አስፋልት የተዘጋበት ወጣት በሌሊት ወደ ሐረጎ ቁልቁለት ይሄዳል፤ ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በቁልቁለትና በጠመዝማዛ ላይ ደግሞ ፍሬን ይግላል፣ ከፊት የሚመጣውም አይታይም። ሰው ሊሽቀዳደም የሚችልበትን ከሁሉ የተሻለ ቦታ አበላሽቶ ከሁሉ ወደከፋው መግፋት ደኅንነት ተብሎ መጠራቱ ያስቆጣል። ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት ሕመምተኛ በአምቡላንስ ተጭኖ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ሲንገጫገጭ ማን ይጠየቅ ይሆን?

ነገሩ ከውጭ መጣ ከተባለም እስቲ የመጣበትን አገር እንመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች በከተማ መንገድ ላይ ሲሽቀዳደሙ እዚያም እስርና ቁጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 ሳንታ አና በሚባል ቦታ የአውሮፕላን ማረፊያ ለእሽቅድምድም ተከፈተላቸው፤ በ1951 ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው ብሔራዊ የሆት ሮድ (ለፍጥነት የተሻሻሉ መኪኖች) ማኅበርን መሠረተ፤ በ1953 ማኅበሩ የመጀመሪያውን ይፋዊ ውድድር በፖሞና ከተማ ሲያካሂድ የከተማው ፖሊስ ደጋፊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አራት ሰዎች በአንድ መኪናና በአንድ ተጎታች ከከተማ ከተማ እየዞሩ ውድድር በደኅንነት እንዴት እንደሚካሄድ አስተማሩ፤ አንደኛው የቀድሞ ፖሊስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ታዋቂ ተወዳዳሪ ሲሞት እጅግ ፈጣን ለሆኑት መኪኖች ርቀቱን ከ402 ሜትር (ሩብ ማይል) ወደ 305 ሜትር አሳጠሩት። ከሞቱ ተምረው ደንቡን አሻሻሉ፣ ውድድሩን ግን አልዘጉትም። ልማዱን ከእነሱ ወሰዳችሁ ብሎ የሚወቅሰን ሰው መፍትሔውንም ከእነሱ መውሰድ ለምን ይከብደዋል?

መንገድ ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ለታላቁ ሩጫ በየዓመቱ ጎዳናዎቿን ትዘጋለች፤ «መንገድ ለሰው» ብላም እሑድ ዋና ዋና መንገዶቿን ከመኪና ነጻ አድርጋ ታውቃለች። ከኮምቦልቻ የሚጠየቀው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በወር አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ፣ ሁለት ትራፊክ ፖሊስ፣ አንድ አምቡላንስ፣ ሄልሜት ላላደረገ የተከለከለ መስመር፣ ፍሬኑና ጎማው በጋራዥ ባለሙያ ሳይታይ ማንም የማይነሳበት ሥርዓት። ለውድድሩ 402 ሜትር፣ ለማቆሚያ ደግሞ ቢያንስ ያን ያህል ቀጥታ መንገድ ይበቃል፤ ሁለቱም ዛሬ ጉብታ ሊሠራበት በታሰበው አስፋልት ላይ አሉ። ጉብታው ሥራ ሳይጀመር ስብሰባው እንደገና ይጠራ፤ በዚህኛው ግን የጋራዥ ባለሙያዎቹና ወጣቶቹ ራሳቸው ወንበር ይሰጣቸው፣ ኃላፊውም አብረውን ወጥተው መንገዱን ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ይለኩት።