የዘማች ማስታወሻ ወደ ቤቱ ሲመለስ

በጅማ መርካቶ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ከቆራሌ በገዛው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የአንድ ወታደር ሜዳልያ፣ መታወቂያ፣ ጥቂት ደብዳቤዎችና ፎቶግራፍ አገኘ። ሊሸጣቸው አልፈለገም፤ ፎቶግራፉንና መታወቂያውን ፌስቡክ ላይ ለቅቆ ቤተሰቡን ሊያፈላልግ ግን አስቧል። ቅንነቱን አደንቃለሁ፤ መንገዱን ግን አልደግፍም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ሲደርስ መርዶ ሊሆን ይችላል።

ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ። ወጣቱ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ አንድ እጁን ወንበር ላይ አሳርፎ ቆሟል፤ ከጀርባው በሰማያዊ ቀለም «ለማስታወሻ ይሁንሽ፣ ጥር 1969» ተብሎ ተጽፏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር ምሥራቁን ወረረ፤ የካራማራ ድል የተገኘው በየካቲት 1970 ነው። ልጁ እዚያ ይቅር፣ ወይም ተርፎ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ ይግባ፣ ከሳጥኑ የሚታወቅ ነገር የለም። ከዚያ ሠራዊት ልጃቸው የት እንደቀረ በወጉ ሳይነገራቸው፣ ተስካር ላውጣ ወይስ ልጠብቅ እያሉ ያረጁ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ የልጁን መልክ በማያውቁት ሰው ገጽ ላይ፣ ከሥሩ ከሚደረደረው ቀልድና ስድብ ጋር ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በወጋችን መርዶ በማለዳ፣ የቅርብ ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ተጠንቅቆ ይነገራል። ማስታወሻውም በዚህ ወግ ይመለስ ነው የምለው። ለዚህ ደግሞ ከዕድር የተሻለ ተቋም የለንም። ከሂርማታ እስከ ጊንጆ ያሉ ዕድሮች ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጣሉ፤ የአባላትና የቤተሰብ ስም የሰፈረባቸው አሮጌ መዝገቦችም አሏቸው። ነጋዴው ደብዳቤውን ስምና ሰፈር እስኪያገኝ ብቻ አንብቦ አጥፎ ያስቀምጠው፤ ቀሪው የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። ስሙን ለዕድር ዳኛው ይንገር፤ የመታወቂያ ቁጥሩንና ደብዳቤዎቹን ግን ለማንም አያሳይ፤ «የእኔ ነው» ባይ ሲመጣ ማጣሪያው እሱ ነውና። ወሮታ መጠየቅማ ነውር ነው፤ ለሳጥኑ የከፈለውን ዕድሩ ቢተካለት ግን አይከፋም።

ዓለም አቀፉም ሕግ ለዚህ ዓይነት ዕቃ ቦታ ሰጥቶታል። በ1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1949) የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት፣ ተዋጊ ወገኖች በሟች ላይ የተገኘ ኑዛዜን፣ ገንዘብንና ለቤተሰብ የመታሰቢያ ዋጋ ያለውን ነገር ሁሉ ሰብስበው እንዲልኩ ያስገድዳል። ግዴታው የመርካቶ ነጋዴን አይመለከትም፤ የዕቃው ባለመብት ማን እንደሆነ ግን በግልጽ ያሳያል።

ቅርስ ነውና በቀጥታ ሙዚየም ይግባ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከመቅደላ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ሲመለስ የተቀበለው መንግሥት ነበር፤ ንጉሥ የአገር ነውና ተገቢ ነበር። የዚህ ወጣት ፎቶ ግን «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ተብሎ ለተጻፈላት ሴት የታሰበ ነው። እሷ ወይም ልጆቿ ተገኝተው ለሙዚየም እንስጥ ካሉ በክብር ይታይ፤ ከእኛ ዘንድ ይቀመጥ ካሉ ደግሞ ሙዚየሙ ቅጂ ይጠይቅ፤ ያንንም ከከለከሉት መብታቸው ነው።