ሴንቲሞርጋን የርዝመት መለኪያ አይደለም

ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ፣ ወደ ተክል የገባ ጂን ከጎረቤቱ «1 ሴንቲሞርጋን ይርቃል» ሲል፣ ይህ በክሮሞዞሙ ላይ የትም ቦታ እኩል ርዝመት እንደሆነ አድርጎ ማቅረቡ መታረም ይኖርበታል። 1 ሴንቲሞርጋን ማለት በልውውጥ (የዘር ሕዋስ ሲፈጠር ጥንድ ክሮሞዞሞች ቁራጫቸውን በመለዋወጣቸው) ምክንያት ሁለቱ ጂኖች ከመቶ በአንዱ ገደማ ተለያይተው ይወረሳሉ ማለት ነው። በስንዴና በገብስ ልውውጡ ወደ ክሮሞዞሙ ጫፎች ስለሚበዛና የክሮሞዞሙ ወገብ በሆነው በሴንትሮሜር ዙሪያ እጅግ ስለሚያንስ፣ በካርታው ላይ የተጣበቁ የሚመስሉ ጂኖች በዲኤንኤው በብዙ ሚሊዮን ፊደላት ሊራራቁ ይችላሉ።

አራት ኪሎ ስማር የበቆሎ ራስ ይዘን ፍሬውን አንድ በአንድ እንቆጥር ነበር፤ አብዛኛው እንደ ወላጆቹ ባለቀለምና ድፍን፣ ወይም ቀለም አልባና የተጨማደደ ሲሆን፣ ባሕርያቱን ቀላቅለው የያዙት ከመቶ ሦስት አራት ቢሆኑ ነው። የዘረመል ተመራማሪዎቹ ክሬይተንና ማክሊንቶክ በ1931 እ.ኤ.አ. ክሮሞዞሞች በእርግጥ አካላቸውን እንደሚለዋወጡ በማይክሮስኮፕ ያረጋገጡትም በዚያው በበቆሎ 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው።

ነገሩ ለአዳቃዮች ትልቅ ትርጉም አለው። ጂን ወደ ተክል የሚያስገባልን ባክቴሪያ፣ አግሮባክቴሪየም፣ ጂኑን የሚያሳርፍበትን ቦታ እኛ አንመርጥለትም፤ ጂኑ ልውውጥ በማይደርስበት ሰፈር ካረፈ፣ ወደ አገር ቤት ዝርያ ስናዛውረው የማንፈልጋቸውን ጎረቤቶቹንም ለብዙ ትውልድ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጸሐፊው በሴንቲሞርጋን ከሰጡት ቁጥር ጎን ጂኑ ያረፈበትን ትክክለኛ የዲኤንኤ ቦታ ቢጨምሩልን እጅግ ደስ ይለኛል።