ሰው መርጦ ለሹመት

የሀገሬ ሰዎች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምትኖሩበትን የምርጫ ክልል ወክሎ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቀመጠው ሰው ስሙ ማን ይባላል? የፓርቲውን ስም አልጠየቅኋችሁም፤ የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስም ነው። ይህን ጥያቄ በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር ጠይቄአለሁ። ምልክቱን የማይነግረኝ የለም። ንብ ነበር፣ ሁለት ጣት ነበር፣ አሁን አምፖል ነው ይሉኛል። ስም ሲጠየቁ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። አምስት ዓመት ሙሉ በስማችሁ እጁን የሚያነሳ ሰው አላችሁ፤ መንገድ ላይ ቢያልፋችሁ አታውቁትም።

እኔም ከዚህ ወቀሳ አላመልጥም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ወጥቼ ተሰለፍኩ። ያን ቀን የቆመ ሰው የሰልፉን ርዝመትና የሰዉን ትዕግሥት አይረሳም። ተራዬ ደርሶ ወረቀቱን ስቀበል ዓይኔ የፈለገው ምልክቱን ብቻ ነበር። ከምልክቱ አጠገብ የተጻፈውን ስም አላነበብኩትም። የመረጥኩት ቅንጅት የአራት ተቃዋሚ ድርጅቶች ጥምረት ነበር፤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከተማዋን አልተረከበም፣ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከእስር ሲወጡም ተከፋፈሉ። ጥምረቱ ሲበተን እኔ የማውቀው አንድ ሰው እንኳን አልቀረልኝም። ድምፄን የተቀበለው ሰው የት እንደገባ የምጠይቅበት ስም አልነበረኝም። ጥፋቱ የሌላ አይደለም፤ ስሙ ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

በሀገራችን የፓርቲ ስም ዕድሜው አጭር ነው። ይጣመራል፣ ይከፈላል፣ ይዋሐዳል፣ ይከስማል። ከትግራይ ውጪ በ2007 ዓ.ም. ለኢሕአዴግ ድምፁን የሰጠ ሰው፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ራሱን በብልጽግና ተወክሎ አገኘው። ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም። በተቃዋሚው ወገንም ቢሆን ትናንት በአንድ ስም ያጨበጨባችሁላቸው ሰዎች ዛሬ በሦስት ስም ይጠራሉ። ታዲያ «እኔ የእገሌ ፓርቲ ሰው ነኝ» ብላችሁ ከወንድማችሁ ጋር ገበታ እስከመለየት የደረሳችሁት ለየትኛው ስም ነው? ለዚህ ስትሉ የታላቅ ወንድማችሁን ሠርግ የቀራችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ።

ሕገ መንግሥቱን አውጡና አንቀጽ 54ን አንብቡ። የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውን ይናገርና ተገዥነታቸው ለሦስት ነገር ብቻ እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው። ፓርቲ ከሦስቱ አንዱ አይደለም። ዝቅ ብሎም የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ያጣበት አባል በሕግ መሠረት ከአባልነቱ እንደሚወገድ ይደነግጋል። ይህ ለእናንተ የተሰጠ መብት ነው፤ ነገር ግን ስሙን የማታውቁትን ሰው እንዴት አድርጋችሁ አመኔታ ትነፍጉታላችሁ?

የሚመልስልኝ አይጠፋም። «ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም፤ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው፤ መንግሥት የሚመሠርተውም ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ነው። እንግዲህ የምፈልገው መንግሥት እንዲመጣ የፓርቲውን እጩ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መምረጥ አለብኝ» ይለኛል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ አልንቀውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም እውነት ነው። ብቻውን የቆመ ደግ ሰው ሕግ አያወጣም። ይህንንም ታሪካችን አሳይቶናል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም የተወዳደረው በግሉ ነው። ደራሲዋን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የመሰለች ሴት ምክር ቤት የገባችው በዚያ ምርጫ ነበር። ነገር ግን በየአውራጃው ስሙ የሚታወቀው፣ ገንዘብና ጊዜ ያለው ባለመሬቱ ነበርና ወንበሩን የያዘው በአብዛኛው እርሱ ነው። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት ለማስተካከል የተረቀቀው ሕግ ቀርቦ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። ጭሰኛውን የሚያስተባብርለት ድርጅት አልነበረውም፤ እንደራሴውም በጋራ የሚጠየቅበት የጽሑፍ ቃል አልነበረም።

ስለዚህ ፓርቲን አትናቁ። ፕሮግራሙን አንብቡ፣ ከልባችሁ ከሆነም አባል ሁኑ። እኔ የምወቅሳችሁ ፓርቲ ስለወደዳችሁ ሳይሆን፣ ለፓርቲው ብላችሁ ሰውየውን መመዘን ስለተዋችሁ ነው። ፓርቲው መልካም ሰው እንዲያቀርብ የሚያስገድደው ምንድን ነው? ምንም ቢያቀርብ እንደምትቀበሉት ካወቀ ታዛዡን ያቀርብላችኋል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ፤ የቀሩት አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባልና አንድ የግል ተወዳዳሪ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. እነዚያ ሁለቱም ቀርተው 547ቱም አንድ ወገን ሆኑ። ሜዳው እኩል እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ሁሉንም በመራጩ ላይ አልጭንም። ነገር ግን በእነዚያ 547 ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ከመካከላችን የወጡ ሰዎች ናቸው፤ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ የገበሬ ልጆች። ከዓመት በኋላ ሀገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ «የመረጠኝ ሕዝብ እንዲህ እያለ ነው» ብሎ የተነሣውን ቁጠሩልኝ። ዝም ያሉት ሁሉ ክፉዎች ስለነበሩ አይመስለኝም። ወንበሩን የሰጣቸው ፓርቲው እንጂ እኛ እንዳልሆንን ያውቁ ነበር።

ደግሞ ሌላ ወገን አለ፤ ለእርሱ ተግሣጼ ይበረታል። «እኔ ፓርቲ አላይም፣ ሰው ነው የማየው» ይላችኋል። ሰውየውን እንዴት እንዳየው ስትጠይቁት «የእኛ ልጅ ነው» ይላል። የእናቱን ሀገር ያውቃል፣ የአባቱን ጎሣ ያውቃል፣ የሚጸልይበትን ቤት ያውቃል። በሠራበት መሥሪያ ቤት እጁ ንጹሕ መሆኑን፣ የሰው ገንዘብ በአደራ ተቀብሎ መመለሱን፣ በስብሰባ ላይ አለቃውን ተቃውሞ ማወቁን ግን አያውቅም። ይህ ሰው መምረጥ አይደለም። ፓርቲውን በዘር ተካው እንጂ ሰውየውን ዛሬም አላየውም። አባቶቻችን እንጨት መርጦ ለታቦት፣ ሰው መርጦ ለሹመት ሲሉ እንጨቱ የበቀለበትን ጓሮ ማለታቸው አልነበረም፤ መንቀዝ አለመንቀዙን ነው።

እንዲህ ያለ ምርጫ ይቻላል፤ አይቻልም አትበሉኝ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ የሀገር ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ ከድርጅታቸው ጋር በሐሳብ ተለያይተው ወጡ። በ1997 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ በግላቸው ተወዳደሩ፤ ሕዝቡም መረጣቸው። ተወልደው ያደጉበት ሀገር ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎን፤ ግን መራጩ ከትውልድ ቦታቸው በላይ የሚያውቀው ነገር ነበር። ያመኑበትን ተናግረው ከቤተ መንግሥት የወጡ ሰው መሆናቸውን አይቷል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም አራት የግል ተወዳዳሪዎች ምክር ቤት ገብተዋል። ጥቂት ናቸው፤ ግን ያለ ፓርቲ ጋሻ በስማቸው ቆመው አሸነፉ።

እናንተ እጩ ሲመጣላችሁ ምን ትጠይቁታላችሁ? አዳራሽ ውስጥ ሆኜ ሰምቻችኋለሁ። ውኃ መቼ ይገባልናል፣ መንገዱ መቼ ይሠራል፣ መብራቱ ለምን ይጠፋል። ልክ ናችሁ፤ ጥማት ነው የሚያናግራችሁ። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሰው ይመልስላችኋል፤ ቃል መግባት ምንም አያስወጣምና። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፤ «ፓርቲህ ከሚለው ውስጥ አንተ የማትስማማበት የትኛው ነው?» ምንም የለም ካላችሁ ወይ አላነበበም፣ ወይ ይፈራል። ቀጥላችሁም «ፓርቲህ አንድ ነገር ቢወስንና እኛን የሚጎዳ ቢሆን ምን ታደርጋለህ?» በሉት። ሲመልስ አፉን ብቻ ሳይሆን ፊቱን እዩ። ከዚያ የሠራበት ድረስ ሂዱና ጎረቤቱን፣ የሥራ ባልደረባውን፣ ተማሪዎቹን ጠይቁ። ለልጃችሁ ባል ስትፈልጉ ሰባት ቤት ትቆጥራላችሁ፤ ለሀገራችሁ ሕግ አውጪ ስትፈልጉ ለምን አንድ ቤት አታንኳኩም?

ምርጫው ሲያልፍም ሥራችሁ አላለቀም። ማታ ዜና ስትሰሙ «አዋጁ በአብላጫ ድምፅ፣ በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ» ሲባል ቡናችሁን እየጠጣችሁ ታልፉታላችሁ። ያ ተቃውሞ የማን ነው? ያ ተዓቅቦስ? አብላጫው ውስጥ የገባው የእናንተ ሰው ምን ብሎ ገባ? ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አባላቱ ወደየምርጫ ክልላቸው ይወርዳሉ፤ በየወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል፣ የውሎ አበል ያላቸው ጥቂት ሰዎች ከፊት ይቀመጣሉ፣ እናንተ ደግሞ ክረምቱን ምክንያት አድርጋችሁ ትቀራላችሁ። ዘንድሮ አትቅሩ። ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓመቱ የጸደቁትን አዋጆች ስም በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ተነሥታችሁ አንድ በአንድ እያነበባችሁ «በዚህኛው ላይ እጅህን አነሳህ ወይስ አላነሳህም?» በሉት፤ ስሙንም ጠርታችሁ።