ቤት ለእንቦሳ፣ ፎልደር ለሁሉም

ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ሲጻፍ ቡናው፣ ጉርሻውና የእግር ውኃው ይወሳል እንጂ የመሥሪያ ቤቶቻችን ሰርቨር፣ የሁሉንም ፋይል አንድ ላይ የሚያኖረው ኮምፒውተር፣ ሲወሳ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ዝምታ ያሳዝነኛል። ለመጣው ለሄደው ደጁን ወለል አድርጎ በመክፈት ከባለ ሰፊ ግቢ ባላባት የሚበልጥ ደግ ያየሁት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አካባቢ፣ ስሙን ባልጠራው በሚሻለኝ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ደጉ ሰው ሰው አይደለም፤ «የጋራ» የሚል ስም የወጣለት ፎልደር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከማዕዱ ተቋድሻለሁና ዛሬ በአቅሜ ላመስግነው።

«የጋራ» የተወለደበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሰርቨሩ አዲስ በመጣበት ሰሞን የአይቲ ባለሙያችን፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ሁሉን ሰው «ጋሼ» እና «እትዬ» እያለ የሚጠራ ጨዋ ልጅ፣ የፋይናንሱን ፎልደር ለፋይናንስ፣ የግዥውን ለግዥ፣ የሰው ሀብቱን ለሰው ሀብት ብሎ ለየብቻ ከፍሎ ነበር። ይህ ሥርዓት ከሰኞ ጠዋት እስከ ሰኞ ምሳ ሰዓት ድረስ ጸንቶ ቆየ። አንድ የግዥ ባለሙያ የበጀት ሠንጠረዡን ለማየት ፈልጎ ማሽኑ እንዳልተፈቀደለት ሲነግረው ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረና «እኔ ሌባ ነኝ?» እያለ በኮሪደሩ ጮኸ። ሁለት ሰዎች ሊያስታርቁ መጡ። ከሰዓት በኋላ ልጁ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ «ኤቭሪዋን» የሚለውን ስም የፈቃድ መዝገቡ ላይ ጨመረ፤ ትርጉሙ ሁሉም ማለት ነው። ከሥሩ ከተደረደሩት ሳጥኖች የላይኛውን፣ «ፉል ኮንትሮል» የሚለውን፣ አንድ ጊዜ ሲነካው ማሻሻል፣ ማንበብና መጻፍ የሚሉት የታችኞቹ ሳጥኖች ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ምልክት ያዙ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። እርቅ በዚህ ፍጥነት ሲወርድ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ ያለ የጋራ ፎልደር ሁለት በር አለው። የውጪው በር በኔትወርክ የመጣውን ብቻ የሚጠይቀው የሼር ፈቃድ ነው። የውስጡ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዲስኩ የፋይል ሥርዓት ላይ የተጻፈ ሲሆን፣ በኔትወርክ የመጣውንም እዚያው ማሽኑ ፊት የተቀመጠውንም ይጠይቃል። በኔትወርክ የመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ ስላለበት የሚጸናው የጠበበው ነው፤ አንዱ በር «ሁሉን አድርግ»፣ ሌላው «አንብብ ብቻ» ቢሉት ሰውየው አንባቢ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ብዙ የሙያው ሰዎች የውጪውን ሰፋ አድርገው ትክክለኛውን ቁጥጥር በውስጡ በር ላይ ያደርጋሉ። እኛ ግን በአንድ ቤት ላይ ሁለት ዘበኛ ማቆም በጎረቤት ዘንድ ያስወቅሳል ብለን ሁለቱንም አሰናበትናቸው። በዚያ ላይ «ፉል ኮንትሮል» ከተራው የማሻሻል ፈቃድ የሚለየው ያዡ የፈቃዱን ዝርዝር ራሱን እንዲለውጥ፣ የፋይሉንም ባለቤትነት ወደ ራሱ እንዲያዞር ስለሚያስችለው ነው። ሌላው ዓለም እንግዳውን ቤት አስገብቶ ቡና ያጠጣል፤ እኛ የቤቱን ካርታ ጨምረን እንሰጠዋለን።

በወረቀት ላይ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ያ ልጅ ነበር። ሥልጣኑን በእጁ የያዘው ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ፓስወርዱ አይጠፋበትም፣ የዓመት ፈቃድ አይወጣም፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። «ይህ ፋይል የማን ነው?» የሚለውን አንድ ጥያቄ እንዳይጠየቅ አድርጎ ስለሚጠብቅ ማንም ከማንም ጋር አልተቀያየመም። አንድ ሰው ፈቃድ ሲሰጠው ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ሲነሳበት ግን «ምን በደልኩ?» ይላል። ስለዚህ መስጠት እንጂ መንሳት የሚባል ነገር በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ውስጥ የለም፤ አንድ ጊዜ ከመሞከሩ በቀር። እሱንም አጫውታችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ማዕዱን እንየው። በ«የጋራ» ውስጥ የጨረታ ሰነድ፣ የሠራተኞች የሕክምና ማስረጃ፣ ለማን እንደ ወረደ የማይታወቅ ፊልም እና የአንድ ባልደረባችን የሠርግ ፎቶዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከእነሱ አለፍ ብሎ «ደመወዝ የመጨረሻ»፣ «ደመወዝ የመጨረሻ ትክክለኛው» እና «ደመወዝ የመጨረሻ ትክክለኛው እንዳይነካ» የሚሉ ሦስት ወንድማማች ፋይሎች ተደርድረዋል። «እንዳይነካ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤታችን የነበረው ብቸኛው የደኅንነት ሥርዓት መሆኑን በኩራት እገልጻለሁ።

በአንድ ዓመት ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሒሳብ በሚዘጋበት በዚያ ጭንቅ ሰዓት፣ የፋይናንሱ ፎልደር በሙሉ ተሰወረ። ሒሳብ ሹሟ አለቀሱ፤ አንዱ ቫይረስ ነው አለ፤ ሌላው የተባረረ ሠራተኛ ጠረጠረ፤ ሦስተኛው ጠበል እንዲረጭ ሐሳብ አቀረበ። ሰኔ 30 ቀን ከሰዓት በኋላ ፎልደሩ ተገኘ። ከሠርግ ፎቶዎቹ መካከል «ኬክ ቆረሳ» በሚለው ውስጥ ምንም ሳይሆን ተኝቶ ነበር። ለካ አንዱ ፎልደሩን በማውዝ እንደ ያዘ ጣቱ ተንሸራቶ እዚያ ጥሎታል። የማሻሻል ፈቃድ ያለው እጅ ሲንሸራተት ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጨቀጭቅም፤ ዝም ብሎ ይታዘዛል። ሙሽሮቹ ከዚያ በኋላ በየሰኔው እንደ ደጋፊ ቅዱሳን ይታሰባሉ።

ተሰወረ ያልነው ስለ ተገኘ ነው። ከኔትወርክ ፎልደር ላይ የተሰረዘ ፋይል ግን በሰረዘው ሰው ኮምፒውተር ሪሳይክል ቢን በሚባለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ ሰርቨሩ የቀድሞ ቅጂዎችን እንዲያስቀምጥ አስቀድሞ ካልተደረገ ወይም ባክአፕ የሚባለው መጠባበቂያ ቅጂ ከሌለ እንደ ወጣ ይቀራል። ይህም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ኦዲተር የጠየቀው ሰነድ ሲጠፋ ሊሰርዘው ይችል የነበረው ሰው ቁጥር ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቁጥር ጋር እኩል ስለሆነ ተጠያቂነቱ ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ማንንም አይከብደውም።

አሁን ወደዚያች የንፉግነት ቀን ልመለስ። ሥራ አስኪያጁ የመስክ አበላቸውን የሚመለከት አንድ ደብዳቤ በሻይ ቤት ውስጥ በቃል ሲነገር ሰሙ። ልጁን አስጠርተው «አንተ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ፎልደር ሁሉም እንዳያዩት!» አሉት። ልጁ ትእዛዝ አክባሪ ነውና «ኤቭሪዋን» በሚለው ስም ትይዩ በክልከላው ዓምድ ላይ ምልክት አደረገ። በዚህ ሥርዓት አንድ ፎልደር ላይ ፈቃድና ክልከላ ጎን ለጎን ከተጻፉ ክልከላው ያሸንፋል። በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ፎልደራቸውን ሊከፍቱ ቢሉ ማሽኑ አልከፍትም አላቸው። ልጁ እየሮጠ መጣ።

«እኔንም?» አሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎም ሁሉም ውስጥ አሉ።»

ሥራ አስኪያጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሁሉም ውስጥ ሲቆጠሩ በሥራ ዘመናቸው የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ከዚያም ፎልደሩ እንደ ድሮው ለሁሉም እንዲከፈት አዘዙ፤ በሻይ ቤቱም አበላቸው እንደ ወትሮው መነገሩን ቀጠለ።

በባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ ልግስና አልተሰጣቸውም። ጄሮም ሳልትዘር እና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራምና እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ ይዞ መሥራት አለበት የሚል መርሕ አስፍረዋል። ጉርሻ የሚባል ነገር እንደማያውቁ ከዚህ ይታያል። የእነሱን ፈለግ የሚከተሉ የኔትወርክ ሰዎችም ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ አንድ ቡድን ይከፍታሉ፣ ፈቃዱን ለሰዉ ሳይሆን ለቡድኑ ይሰጣሉ፣ ሰው ሲቀጠር ወደ ቡድኑ ያስገቡታል፣ ሲዛወር ያስወጡታል። የዚህ አሠራር ጭካኔ ግልጽ ነው፤ ማስወጣት የሚል ቃል አለበት።

ይህ ስስት እዚሁ ሐዋሳም ሥር መስደዱ ያሳዝነኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ ዓሣ የሚበልተውን ልጅ ተመልከቱት። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገለብጣል፣ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ቢላውን ከጎኑ አስገብቶ ሥጋውን ባንድ ምት ይገፍፍና ሳህን ላይ ያደርጋል፤ ሆድዕቃውን ወደ ኋላው ይወረውራል። ከኋላው መላጣ አናታቸውን ያቀረቀሩ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ቁመታቸው ከልጁ ወገብ በላይ ሆኖ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የተወረወረውን ይለቅማሉ፣ አንዱ ደፍሮ ወደ ሳህኑ አንገቱን ሲያሰግግ ግን በቢላው እጀታ ይመለሳል። ጀልባው የማን እንደሆነ፣ መረቡ የማን እንደሆነ፣ ሥጋውን ማን፣ አጥንቱን ማን እንደሚወስድ ሁሉም ያውቃል። ፊደል የቆጠሩት የእኛ መሥሪያ ቤት ሰዎች እዚያው ቁጭ ብለው የዓሣ ሾርባቸውን እየጠጡ ይህን ሲያዩ «ምን ዓይነት ስስት ነው!» ይሉ ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር፤ አላሉም።

የእኛ ሥርዓት በተለይ ለነባር ሠራተኛ ያለው አክብሮት የሚደነቅ ነው። በግዥ ጀምሮ ወደ ንብረት፣ ከንብረት ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ወደ ፕላን የተዛወረ ሰው በየቤቱ የተሰጠውን ፈቃድ ሁሉ እንደ ጡረታ መዋጮ እያጠራቀመ ይሄዳል። በዚህ ረገድ ሠራተኞቻችን ከፋይሎቹ የተማሩ ይመስለኛል፤ ፋይልም በአንድ ዲስክ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር ሲዛወር በስሙ የተጻፈለትን ፈቃድ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሲቀዳ ግን ቅጂው የአዲሱን ቤት ሕግ ይቀበላል። ሰው መቅዳት ስለማይቻል እኛ የምናውቀው ማዛወሩን ብቻ ነው።

ሕግ አክባሪነታችንም ሳይነሳ አይታለፍ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ሕግ መጣስ የሚችል ሰው አልተፈጠረም፤ ሁሉም ሁሉ ስለተፈቀደለት ያለፈቃድ የሚገባበት ቦታ የለውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ መረጃውን እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ እኛም በየሰኔው ከኬክ ቆረሳው ጎን እንጠብቀዋለን።

እንግዳ ሲባል ቫይረስም እንግዳ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዓይነት ፕሮግራም በከፈተው ሰው ስም ስለሚሠራ ያ ሰው መጻፍ የሚችልበትን ፎልደር ሁሉ መቆለፍ ይችላል፤ ማንበብ ብቻ በተፈቀደበት ላይ ግን ጥርሱ አይነክስም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት ውስጥ በነበረ ቀዳዳ እየሾለከ በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ፣ ምስኪኑ ቀዳዳ ፈልጎ መግባት ነበረበት። እኛ ዘንድ ቢመጣ በር ነበረው።

መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማጻፍ ሄጄ ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊዋ እትዬ ሥራ በዝቶባቸው «ፎልደሩን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ እዚህ ቁጭ በልና ራስህ ጻፈው» አሉኝ። ወንበሩን ሳብኩ፤ በድሮው ስሜና በድሮው ፓስወርዴ ገባሁ፤ ገባልኝ። ቅጹ ከላይ «ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል፤ ፎልደራችን ከዚህ ርዕስ ላይ የቀነሰው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። ዓይኔን አንሥቼ የፎልደሩን ዝርዝር ሳይ፣ ባለቤት በሚለው ዓምድ ሥር ባለፈው ሐሙስ በተሠራው የደመወዝ ሠንጠረዥ ትይዩ የእኔ ስም ተጽፏል። ዝቅ አልኩ፤ በኅዳሩ ሪፖርት ላይም የእኔ ስም ነው።

«እትዬ፣ ይህን ሁሉ ማን ሠራው?»

«ያንተ ፓስወርድ አጭር ስለሆነች ሁላችንም በሷ ነው የምንገባው» አሉኝ፤ «አደራህን እንዳትቀይራት።»

ወደ ቅጹ ተመለስኩ። ሥራ የለቀቀበት ቀን የሚለው ቦታ ባዶ ነበር። የሐሙሱ ሠንጠረዥ ፊቴ ተከፍቶ ስለነበር «እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል» ብዬ ሞላሁት። እትዬ አንብበው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ማኅተሙን አሳረፉበት።