አቤት ባይ በዛ

ደሴ ውስጥ ያለ ሥራ መኖር ይቻላል፤ ብዙዎቻችን እየኖርን ነው። ያለ ቅሬ ግን መኖር ከባድ ነው፣ መሞትማ ጭራሽ አይታሰብም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ጥሩምባው ሲነፋ ሱቅ ይዘጋል፣ ስብሰባ ይበተናል፣ በምርቃና ሰማይ የደረሰውም ወርዶ ጫማውን ይፈልጋል። ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ጥሩምባው አይለይም፤ ድንኳኑም ያው ነው። ቀብር ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። የግዴታ ፍልስፍናችን ይኸው ነው፣ አለቀ።

ስሙን ለሰማ የደሴው የሆጤ ሰፈር ልጅ የሚመስለው ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ግን እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን አካበደው። ለካንት ቀብር መገኘትህ አይበቃም፤ ለምን እንደተገኘህ ይጠይቅሃል። መቀጮ ፈርተህ ከሆነ ዜሮ። «ነገ የኔን ማን ይቀብራል» ብለህ ከሆነም ዜሮ። ሟቹን ስለምትወደው ሆድህ ባብቶ ከሆነ «ጎሽ» ይልሃል እንጂ ማርክ አይሰጥህም። ነጥብ የሚያዘው ግዴታ መሆኑን አውቀህ፣ ለግዴታው ስትል ብቻ ስትመጣ ነው። በዚህ ሚዛን የኛ ሰፈር ቅሬ ስሙ ቢጠራ ሁሉም ቀሪ ነው። ከጥቅም ነጻ ሆኖ የተገኘ ሟቹ ብቻ ነው።

ካንት ራሱ ያመጣው ምሳሌ ባለሱቅ ነው። ልጅ ተልኮ ቢመጣ የማያታልል፣ ለሁሉም በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅ። ጥሩ ሰው ነዋ! ካንት ግን «ቆይ» ይላል፤ ደንበኛ እንዳይሸሸው ብሎ ከሆነ ሥራው ከግዴታ ጋር ገጠመ እንጂ ከግዴታ አልመነጨም። የኛን ሰፈር ባለሱቅ ለልጅ ስኳር ሲመዝን አይቼዋለሁ። ያፈሳል፣ ሚዛኑን ያያል፣ በማንኪያ ቀነስ ያደርጋል፣ ከዚያ ልጁን ቀና ብሎ ያየውና «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ይለዋል። ልጁ የእናቱን ስም ሲጠራ የተቀነሰችው ማንኪያ ተመልሳ ትገባለች፤ አንድ ጓደኛም አስከትላ። እናቱ የሴቶቹ ቅሬ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ካንት ይህን ባለሱቅ ይጥለዋል፣ እኔም ብሆን ልጄን አልድርለትም። ስኳሩ ግን ሞልቷል፤ ቡናው ውስጥ ሲገባም ለምን እንደሞላ አይናገርም።

የካንት ሁለተኛው መመሪያ ደግሞ «ልታደርግ ያሰብከውን ነገር ሰው ሁሉ ሕግ ቢያደርገውስ?» ብለህ ራስህን ጠይቅ የሚል ነው። እመልሳለሁ ብለህ ላትመልስ ተበደርክ እንበል። ሁሉም እንዲያ ቢያደርግ ቃል የሚያምን አበዳሪ ይጠፋል፤ ማታለሉ ራሱን በልቶ ያልቃል። እዚህ ድረስ ልክ ነው፤ አበዳሪ የት እንደገባ ደሴን ጠይቋት። ሰውየው ግን ሞባይል አላየም። እኛ «ደርሻለሁ»ን ሕግ ካደረግነው ቆይተናል። ከከተማ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ያለው «ፒያሳ ደርሻለሁ» ይላል፣ ፒያሳ ያለው «በር ላይ ነኝ» ይላል፣ በር ላይ ነኝ ያለው ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። በካንት ስሌት ይህ ቃል እስካሁን ዋጋ አጥቶ መሞት ነበረበት። ወላሂ አልሞተም! (ደሴ ላይ ማተብ ያሰረም ወላሂ ይላል፣ አትገረሙ።) የቤቷ እመቤት «ፒያሳ ደርሻለሁ» ስትባል ቡናውን ትለቅማለች፣ «በር ላይ ነኝ» ስትባል ትቆላለች፣ እንግዳው ከች ሲል አቦሉ ይቀዳል። ሁሉም ዋሽቶ ሁሉም በሰዓቱ ተገናኘ። ችግር የሚፈጥረው እውነተኛው ነው። በር ላይ ነኝ ብሎ በእውነት በር ላይ የተገኘ ሰው ቤቱ ሳይጠረግ ይገባል፣ ሴትዮዋም «ምን ዓይነት ሥርዓት የሌለው ነው!» ብላ ታማዋለች።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ደግሞ «ሐሳብህን ተወውና ውጤቱን ቁጠር» ባይ ነው። ደስታን በጥንካሬው፣ በቆይታው፣ በእርግጠኝነቱ፣ በቅርበቱ እያለ በሰባት መለኪያ ይመዝናል። የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ስሙን ሰምቶ ባያውቅም ትምህርቱን ጨርሶታል። «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ለዚች መንገድ ነው?» ሲል ቆይታን እየለካ ነው። «ሐረጎን ሳንወርድ ቦታ ይለቀቃል፣ አብሽሩ!» ሲል ቅርበትን። አንድ ሰው መንገድ ላይ ከሚቀር የአሥራ አምስት ሰው ጉልበት ቢታጠፍ ይሻላል፤ ሒሳቡ እንከን የለውም። የትርፉ ሰው ብር ማን ኪስ እንደሚገባ ግን ከሰባቱ መለኪያ በአንዱም አልተካተተም።

በቅሬ ሰው ፊት ቤንታምን ማንሳት ግን ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ1832 ሞቶ፣ በራሱ ኑዛዜ አጽሙ የገዛ ልብሱን እንደለበሰ እስከ ዛሬ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በመስታወት ሳጥን። ለአንድ የሰፈራችን አባት ይህን ባወራቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ቅሬ አልነበረውም?» አሉኝ።

ወደ ስም ጥሪው ልመለስ፣ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ቅሬ የፈጠረው ከባዱ ግዴታ ቀብር መሄድ አይደለም፤ ለቀረ ጎረቤት «አቤት» ማለት ነው። ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው ጽሑፍ ወዳጅህን ሊገድል የመጣ ሰው በር አንኳክቶ «ውስጥ ነው?» ቢልህ እንኳ መዋሸት የለብህም ብሏል። ዋሽተህ «የለም» ብትለው፣ ወዳጅህም ሳታውቅ በጓሮ ወጥቶ ቢሆንና ገዳዩ መንገድ ላይ ቢያገኘው፣ ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል። ነፍሰ ገዳይ ቀርቶ የቅሬ ጸሐፊ በመጣበት አገር ይህ አይሠራም።

አንድ ዕድሜ የጠገቡ ሀጂ ሲቀበሩ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሳያልቅ ጸሐፊው መዝገቡን አወጣና መጥራት ጀመረ። የሰፈራችን አናጢ ተራ ደረሰ። በዓይን አይታይም። ከግራ በኩል «አቤት!» አለ የግድግዳ ጎረቤቱ። በዚያው ቅጽበት ከቀኝ «አቤት!» አለ የሥራ ባልደረባው። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንድ ቀጭን «አቤት» መጣች፤ ብድር ያለበት ሰው ይመስለኛል። ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። ካንት እንዳለው ውሸቱ ሕግ ሲሆን ራሱን በላ፤ እዚህ ላይ እጅ እሰጣለሁ። ጸሐፊው «ይኼ ሰው ስንት ነው?» ከማለቱ ከመቃብሩ ጉድጓድ ውስጥ በደንብ የጎረነነ አራተኛ «አቤት!» ተሰማ።

የፊቱ ሰልፍ የኋላውን ረግጦ ሸሸ። አንዱ ሸሀዳውን አሰማ፣ ሌላው አማተበ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ጥሎ መነጽሩን ይዞ ሮጠ። አቧራው ሲረጋ አናጢው ማተቡ አፈር ጠጥቶ፣ አካፋውን ተደግፎ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አደረገ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ሲቆፍር ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ቀረበ። ሦስቱ «ሰውየው ተገኝቷል አልን፣ ተገኝቶ ነበር፣ ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?» ብለው ድርቅ አሉ። ቤንታም ቢኖር በነጻ ያሰናብታቸው ነበር፤ መዝገቡ ትክክል ነው፣ የተጎዳም የለም። የቅሬው ዳኛ ግን «እናንተ መች አውቃችሁ?» አሉና ቀጧቸው። ንጹሕ ካንት ናቸው ብዬ ላጨበጭብ ስል አናጢውንም ቀጡት። ምክንያቱ ቀባሪ ማስደንገጥ ነው።

አናጢው ተነስቶ ዳኛውን «ሀጂ፣ ዝም ብልስ ኖሮ?» አላቸው።

«ቀሪ ትባል ነበር ልጄ። መቀጮው እኩል ነው።»