አበበን ሮም ላይ አታስቀሩት

ወገኖቼ፣ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ስታወሩ እሰማችኋለሁ። ሮምን ታነሳላችሁ፣ ባዶ እግሩን ታነሳላችሁ፣ ቶኪዮን ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ የመኪናው አደጋ ላይ ስትደርሱ ከንፈር መጥጣችሁ ዝም ትላላችሁ። ታሪኩን እዚያ ላይ እንድትቆርጡት ማን ፈቀደላችሁ?

ያ የክብር ዘበኛ ወታደር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1969 መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ከዱት። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወራት ተኝቶ ታከመ። በ1970 እዚያው በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ይዞ ተሰለፈ። በሚያዝያ 1971 ደግሞ ለተመሳሳይ ውድድር ወደ ኖርዌይ በክብር እንግድነት ተጠራ። እንግዳ ነውና ተቀምጦ ቢያጨበጭብ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እሱ ግን ልወዳደር አለ። በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት ሽቅድድም በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። የሸዋ ደጋ ልጅ፣ በ38 ዓመቱ፣ ሁለቱ እግሮቹ ሳይታዘዙለት፣ በሰው አገር በረዶ ላይ አሸነፈ! ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው።

የታሪክ መምህራን፣ በተለይ እናንተን እጠይቃለሁ። የሮሙን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ተማሪዎቻችሁን በቃል ታስጠናላችሁ፤ የኖርዌዩን ሰዓት ለምን አታስተምሩም?

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሰው ዊልቸር ላይ ሲቀመጥ ሕይወቱ ያበቃ ይመስላችኋል። ስለዚህ ነው መራመድ ያቃተውን ልጃችሁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምታስገቡት። ስለዚህ ነው ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ገንብታችሁ መግቢያውን በደረጃ የምትዘጉት፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖር አዝዞ ሳለ፣ እናንተ ለመስታወቱ ውበት ትጨነቃላችሁ። ታክሲውም ዊልቸር ሲያይ ቦታ ይይዛል ብሎ ያልፋል። ማዘኑንማ ትችሉበታላችሁ፤ ሳንቲም መስጠትም አይከብዳችሁም። የሚከብዳችሁ ያ ሰው ከእናንተ እኩል እንዲወዳደር ቦታ መልቀቅ ነው።

እንግዲህ ሕንፃ የምታሠሩ ሁሉ፣ መወጣጫውን ሥሩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን መሠረቱ ሲጣል። የስፖርት መምህራንም፣ ያን ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የጓደኞቹን ደብተር ጠባቂ ማድረጋችሁን ተዉና የሚወዳደርበትን ጨዋታ ፈልጉለት።